የማልኩበት መብረቅ

መርካቶ ውስጥ ሳይምል የሚሸጥ ነጋዴ ካለ እኔ አላየሁትም። አንዱ በእናቱ ይምላል፣ አንዱ በልጆቹ ይምላል፣ አንዱ እቃውን ደረቱ ላይ አድርጎ «ከዚህ በታች አልገዛሁትም» ይላል። የእኔ መሐላ «መብረቅ ያድቅቀኝ» የምትለዋ ነበረች። ከአባቴ የወረስኳት ናት። በጋ ከክረምት እምላታለሁ፤ ከአፌ ስትወጣ እንኳ አትሰማኝም ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሲባል ደግሞ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ።

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ መብረቅ መታኝ። ይህን የምጽፈው ግን ስለ መብረቁ ብቻ አይደለም። የመብረቁ ነገር ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ አልቋል። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ያሰቃየኝ የራሴ ውሸት ነው። ሐኪም ፊት ተቀምጦ የታመመበትን ምክንያት የሚደብቅ ሰው እኔ ብቻ አይደለሁም ብዬ አምናለሁ፤ ያ ሰው ያንብብልኝ።

ጌታሁን እባላለሁ። ምን አለሽ ተራ ከአሮጌ በርሜል የከሰል ምድጃ እሠራለሁ፤ በዚህ ሥራ ሃያ ሁለት ዓመት ቆይቻለሁ። ሥራችን በዓይን የሚሠራ ይመስላል እንጂ የሚሠራው በጣት ነው። ላሜራው የት ጋ እንደሳሳ፣ ዝገት የት እንደበላው፣ ብየዳው የት ላይ እንዳልያዘ በቀኝ አውራ ጣቴ ዳብሼ አውቃለሁ። ቀለም ተቀብቶ የተሸፈነ የብየዳ መስመር እንኳ ከዚህ ጣት አያመልጥም። ብዙ ሰው መዶሻና መቀስ ይይዛል፤ ሰፈሩ የእኔን ምድጃ የሚፈልገው ግን በዚህ ጣት ምክንያት ነው። መብረቁ የወሰደብኝም እሱን ነው።

የዚያን ዕለት ረፋድ ላይ እትዬ ጥሩነሽ መጡ። ሰባተኛ አካባቢ ሳምቡሳ ጠብሰው የሚሸጡ፣ ስድሳን ያለፉ ሴት ናቸው። ዘይት የሞላ ትልቅ ድስት የሚችል ምድጃ ነበር የፈለጉት። አንድ ያለቀለት ነበረኝ። ችግሩ ወለሉን ዝገት በልቶት ስለነበር የላሜራ ቁራጭ ደርቤ በይጄበታለሁ፤ ከላዩ ብርማ ቀለም ቀብቼዋለሁ። ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

«የተጣፈ ነገር የለበትም?» አሉኝ እያገላበጡ።

«ኧረ እትዬ፣ አንድ ወጥ ነው። ከደህና በርሜል ነው የቆረጥኩት።»

«እስቲ ማልልኝ።»

«መብረቅ ያድቅቀኝ።»

«በል እሺ። ዘይት ነው የማፈላበት፣ አደራህን» ብለው በተሸካሚ አስይዘው ሄዱ።

ጎረቤቴ ነስሩ ባዶ በርሜል የሚሸጥ የስልጤ ሰው ነው። በርሜሉን የሸጠልኝ እሱ ስለሆነ ምን እንደነበር ያውቃል። እትዬ ጥሩነሽ ራቅ እስኪሉ ጠብቆ «ጌቾ፣ ስትምል ሰማዩን አየት እያደረግህ። ሐምሌ እኮ ነው» አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን።

አሁን አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። ክረምት ሲገባ በእኛ ተራ ከሱቅ ሱቅ ሸራ ይወጠራል። ሸራው በሽቦ ተጠፍሮ ከቆርቆሮው ጣሪያ ጋር ይታሰራል። ዝናቡ ሲከብድ ሸራው ላይ ውሃ ይቋጥርና ሆዱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ቅርብ ያለ ሰው ከሥር ገፍቶ ይደፋዋል። ካልደፋው ይቀደዳል፣ ወይ የታሰረበትን ቆርቆሮ ይዞ ይወርዳል። ድሮ የምንገፋው በአጠና ነበር። አጠናው በየዓመቱ እየበሰበሰ ቢያስቸግረን፣ ረጅም የብረት ቱቦ አምጥቼ፣ ሸራውን እንዳይቀድ ጫፉ ላይ ክብ ብረት በይጄ ለተራው የሰጠሁት እኔ ነኝ። ብዙ ተመሰገንኩበት። አጠናው ለማገዶ ሄደ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሰማዩ ጠቆረና ዝናቡ ወረደ። ነጎድጓዱ ቅርብ ነበር። ሰዉ ሁሉ ከፊት ለፊታችን ወዳለው የግንብ ሕንፃ ሮጠ። ነስሩ በሩ ላይ ሆኖ «ግባ እንጂ!» እያለ ይጣራል። እኔ ዓይኔ ሸራው ላይ ነው፤ ሊቀደድ ምንም አልቀረውም። ቦቲ ጫማ አድርጌያለሁ፣ ጎማ ነው፣ ምን ያገኘኛል አልኩ። ቱቦውን አነሳሁና ውሃውን ገፋሁት።

ድምፅ አልሰማሁም። ነጭ ነገር ብቻ አየሁ። ከዚያ ጭቃ ውስጥ ተዘርሬ ሸራውን ከታች ወደ ላይ እያየሁት ነው፤ እግሮቼ የሉም። አያቸዋለሁ፣ የእኔ ናቸው፣ ግን ተነሱ ስላቸው አይሰሙም። ነስሩ መጣና አጠገቤ ቆመ። መጀመሪያ በእንጨት ትከሻዬን ነካ ነካ አደረገኝ። ቀጥሎ «ቢስሚላህ» ብሎ እንጨቱን ጣለ፤ ብብቴ ሥር ገብቶ ወደ ሕንፃው ጎተተኝ። ኋላ ሲነግረኝ፣ ሰውነቴ ውስጥ የቀረ ኤሌክትሪክ ያለ መስሎት ነበር። እየፈራ ነው የነካኝ። መብረቅ በመታው ሰው ገላ ላይ ኤሌክትሪክ እንደማይቀር፣ ወዲያው ይዘው ሊረዱት እንደሚገባ ያኔ ሁለታችንም አናውቅም ነበር።

አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ እግሮቼ ተመለሱ። በዝናቡ ብዛት ከነስሩ በቀር የሆነውን በደንብ ያየ ሰው አልነበረም። ሌሎቹ በነጎድጓዱ ደንግጬ የወደቅሁ ነው የመሰላቸው። ነስሩን ወደ ጥግ ጠራሁት።

«አንሸራትቶት ወደቀ በልልኝ።»

«ምን ሆነሃል? መብረቅ እኮ ነው። ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«ጠዋት ምን ብዬ እንደማልኩ ሰምተሃል።»

መሬት መሬት አየ። ከዚያ «እሺ፣ ካልክ» አለኝ።

መብረቅ የመታው ሰው በሐሰት የማለ ነው ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት። ይህ ወሬ ከወጣ ከእኔ ምድጃ የሚገዛ አይኖርም ብዬ ሰጋሁ። ይህ ግን ለራሴ የነገርኩት ምክንያት ነው። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነበር። ገና ጠዋት በአፌ የጠራሁት መብረቅ መጥቶ ነካ አድርጎኝ የሄደ፣ ቀሪውን ሊጨርስ የሚመለስ መሰለኝ።

ማታ ቤት ገብቼ ልብሴን ሳወልቅ ቀኝ ክንዴ ላይ ቀያይ መስመሮች አየሁ፤ የዛፍ ቅርንጫፍ ይመስላሉ፣ ከአንጓዬ ተነስተው እስከ ትከሻዬ ይወጣሉ። በቁም ደረቅሁ። ባለቤቴ ወይንሸት እንዳታይብኝ ሹራብ ለብሼ ተኛሁ። በሁለተኛው ቀን መስመሮቹ ጠፉ። የቀኝ እግር ቦቲዬ ሶሉ ተሰንጥቆ ነበርና እሱንም ሱቅ ውስጥ ቆርቆሮ ሥር ሸሸግሁት። ያልጠፉት ሁለት ነገሮች ናቸው። ቀኝ ጆሮዬ ውስጥ ሌት ተቀን የሚጮህ ድምፅ ነበር፤ አውራ ጣቴ ደግሞ ምንም አይሰማውም።

ለወይንሸት አንሸራትቶኝ ወደቅሁ አልኳት። ወደቅሁ ያለ ሰው ወዴት ይወሰዳል? ወጌሻ ዘንድ ነው። ወጌሻው እጄን በቅቤ አሽቶ፣ ጣቴን ጎትቶ «ጅማት ተዛውሮበታል» አለና በቀርከሃ አጥብቆ አሰረው። ሲጎትተኝ አለማመሙ እኔን አስደነገጠኝ፤ እሱ ግን «ጎበዝ ነህ፣ ቻይ ነህ» አለኝ። ሦስት ሳምንት አስሮ አቆየው። ለጆሮዬ አንዲት ጎረቤት ነጭ ሽንኩርት የተነከረበት ለብ ያለ ዘይት አዘዙ፤ ወይንሸት ማታ ማታ ጠብ ታደርግልኛለች። በሳምንቱ ጆሮዬ መግል ያዘ።

ከዚያ ክሊኒክ። ራሴን ያመኛል፣ እንቅልፍ የለኝም፣ ጉልበቴ ከድቶኛል አልኳቸው። ደም ወሰዱ። አግዳሚ ወንበር ላይ ከሰዓት በላይ ተቀመጥን። ውጤቱ መጣ፤ ታይፎይድም ታይፈስም አለብህ ተባልኩ። መድኃኒቱን ጨረስኩ፣ ምንም የለም። ሌላ ክሊኒክ ሄድን፤ እዚያ ደግሞ ጭንቀት ነው፣ ዕረፍት አድርግ ተብዬ ቫይታሚን ተሰጠኝ። ማንንም አልወቅስም። የመብረቁን ነገር ስውጥባቸው ከምን አምጥተው ይወቁት? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚሉት እኔን ነው። የወይንሸት ዕቁብ ደርሶ ነበርና እሱ በመድኃኒትና በምርመራ አለቀ፤ አንድ ቃል አልተናገረችኝም፣ እሱ ባሰብኝ።

ሌላ በሽተኛ ሌሊቱን ይፈራል። እኔ የምፈራው ከሰዓት በኋላን ነበር። ስምንት ሰዓት ሲሆን አንገቴ በራሱ ወደ ሰማይ ይዞራል። አንድ ቁራጭ ደመና ካየሁ ሥራ አቁሜ ወደ ግንቡ በር እጠጋለሁ። የእኛ ተራ ደግሞ ጠዋት ጀምሮ እስከ ማታ ቆርቆሮ የሚቀጠቀጥበት ነው፤ አንድ ላሜራ ከተሸካሚ ትከሻ በወደቀ ቁጥር ራሴን በሁለት እጄ ይዤ ቁጢጥ እላለሁ። ተሸካሚዎቹ ይስቁብኝ ጀመር። ቤት ስገባ ባለቤቴ ላይ እጮሃለሁ። ድስት ከደነች ብዬ የጮህኩባት ቀን አለ።

«የደበቅኸኝ ነገር አለ» ትለኛለች።

«ምን እደብቅሻለሁ?»

«እኔ እንጃ። አንተ ታውቃለህ።»

ወጌሻው ማሰሪያውን ፈትቶ ሥራ የጀመርኩ ዕለት በርሜል ስቆርጥ ላሜራው ላይ ደም አየሁ። ከየት መጣ ብዬ ዙሪያዬን ተመለከትሁ። ከእኔው አውራ ጣት ነበር። ጠርዙ ሥጋዬን ከፍቶት እኔ አላወቅሁም። ቁጭ አልኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ያበላኝ ጣት ከእጄ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ የሰው ጣት መሰለኝ። ያን ሳምንት የሠራሁት ምድጃ አራቱም እግሩ መሬት አይነካም ነበር፤ ደንበኛው ሳይጣላኝ መልሶልኝ ሄደ። ቢጣላኝ ይሻለኝ ነበር።

መስከረም ውስጥ የጆሮዬ መግል ጠረን ሲያመጣ ወይንሸት እጄን ይዛ ወደ መንግሥት ሆስፒታል ወሰደችኝ። ካርድ አውጥተን የጆሮ ክፍል በር ላይ ተሰለፍን። ኮሪደሩ ሙሉ ነው፤ ሕፃን ያቀፉ፣ ጆሯቸውን በጥጥ የደፈኑ። አጠገቤ ነጠላ የለበሱ አንዲት ሴት ተቀምጠዋል። እስከ ስምንት ሰዓት ቆየን። ሦስት ሰው ሲቀረኝ ወይንሸት ውሃ ልታመጣልኝ ወጣች፤ ያኔ ነጎድጓዱ መጣ።

እንዴት እንደሄድኩ አላውቅም፤ ራሴን ያገኘሁት ኮሪደሩ ጫፍ ካለው ደረጃ ሥር ነው፣ ግድግዳ ተደግፌ፣ ጉልበቴን አቅፌ። የአርባ ስድስት ዓመት ሰው ነኝ። ዝናቡ ጋብ ሲል ተመለስኩ፤ ተራዬ ያለፈኝ መስሎኝ ነበር። ሴትዮዋ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወንበሬ ላይ ዘርግተውታል። «ሰው አለበት እያልኩ ነው» አሉኝና ነጠላቸውን አጥፈው መልሰው ለበሱ። ምን ሆንክ ብለው አልጠየቁኝም። ስማቸውን እንኳ አላውቅም፤ እግዜር ይስጣቸው።

ወይንሸት ውሃውን ይዛ ስትመጣ አብረን ገባን። ሐኪሟ ወጣት ናት። ጆሮዬን በመሣሪያዋ አየች፣ አጸዳች፣ ደግማ አየች። ከዚያ ወንበሯን ወደ ኋላ አደረገች።

«ጋሼ፣ የጆሮዎ ታምቡር ተቀድዷል። ዘይቱ ደግሞ መግል አስያዘው። እንዲህ የሚቀደደው በኃይለኛ ጥፊ ነው፣ ወይም አጠገብ ነገር ሲፈነዳ ነው። ማን መታዎት?»

«ማንም አልመታኝም። ወድቄ ነው።»

ሐኪሟ ወደ ወይንሸት ዞረች። «እርስዎ ባለቤታቸው ነዎት?»

ወይንሸት ፊቷ ተለዋወጠ። ሁለት ወር እጄን ይዛ ከወጌሻ ክሊኒክ ስትዞር የከረመች ሴት፣ ዕቁቧን የጨረሰችብኝ ሴት፣ ባሏን ደብድባ ጆሮውን የቀደደች ተብላ ልትጠረጠር ነው። አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። ከዚያ በላይ መቻል አቃተኝ።

«እሷ አይደለችም» አልኩ። «መብረቅ ነው።»

ከዚያ ሁሉንም አወራሁት፤ ምድጃውን፣ መሐላውን፣ ቱቦውን፣ ቦቲውን፣ ክንዴ ላይ ያየሁትን ቅርንጫፍ። ወይንሸት እስክጨርስ ሰማችኝና «ታዲያ ሁለት ወር ሙሉ በቅቤ ስትታሽ ምን ትል ነበር?» አለችኝ። ሐኪሟ ሳቋን ለመያዝ ወረቀት አገላበጠች። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቄ መጣ፤ ሳቁ መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ሄደብኝ።

ሐኪሟ ሱቃችን አጠገብ ምን ረጅም ነገር እንዳለ ጠየቀችኝ። ከኋላችን ፎቅ እየተሠራ ነው፣ ጫፉ ላይ የብረት ፌሮው እንደቆመ ነው አልኳት። ወረቀት ላይ ሣለችልኝ። መብረቅ ሰውን በቀጥታ አናቱን መምታቱ ብዙ የሚያጋጥም አይደለም አለችኝ። የሚመታው አብዛኛውን ጊዜ ረጅሙን ነገር ነው፤ ዛፍ፣ ምሰሶ፣ የፎቅ ጫፍ። ከዚያ ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ ይፈልጋል። አጠገቡ ወደቆመ ሰው ሊዘል ይችላል። በእርጥብ መሬት ተሰራጭቶ በአንዱ እግር ገብቶ በሌላው ሊወጣ ይችላል። ወይም እንደ እኔ፣ ከፌሮው ወደ ቆርቆሮው፣ ከቆርቆሮው በሽቦው፣ ከሽቦው በቱቦው አድርጎ እጄ ላይ ይመጣል። የቦቲ ጎማ ለእሱ ምኑም አይደለም። ሸራና ክፍት ዳስም ከዝናብ እንጂ ከመብረቅ አያስጥልም፤ መጠለያ የሚሆነው ግድግዳ ያለው ቤት ወይም በሩና መስኮቱ የተዘጋ መኪና ነው።

«ዶክተር፣ ምዬ ነበር እኮ» አልኳት ቀስ ብዬ።

«የዚያን ቀን በተራችሁ ውስጥ የማሉት እርስዎ ብቻ ነበሩ?»

«ኧረ ሁሉም ይምላል።»

«ቱቦ የያዘውስ?»

«እኔ ብቻ።»

«ታዲያ» አለችኝና መጻፍ ጀመረች።

ልቤን በማሽን ተመረመርኩ፤ ደህና ነው ተባለ። ለጆሮዬ መድኃኒት ታዘዘ። ስለ ጣቴም ጠየቅኋት። ነርቭ ማለት ጣት የነካውን ለአእምሮ የሚያደርስ ቀጭን ክር ነው አለችኝ። የእኔ ተጎድቷል። ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል። ያኔውኑ ብመጣና እጄን ባንቀሳቅሰው ኖሮ የተሻለ ነበር፤ ታስሮ መክረሙ ጣቱን አድርቆታል። «ቃል አልገባልዎትም» አለችኝ። ያን ሁሉ ሳምንት በከንቱ ያጠፋሁት ማንም ሳያስገድደኝ ነው፤ ይህን ሳስብ ዛሬም ያመኛል።

በማግስቱ ተራችንን ሰብስቤ እውነቱን ተናገርኩ። ነስሩ አጠገቤ ቆሞ ነበር። አንዳንዱ ደነገጠ፣ አንዳንዱ «በሐሰት የማለ ሁሉ ቢመታማ መርካቶ ባዶውን በቀረ» ብሎ አሳቀን። ቱቦውን በዚያው ቀን በመጋዝ ቆራርጬ የምድጃ እግር አደረግሁት። ነስሩ አዲስ አጠና ገዛ፤ እሱም ቢሆን ነጎድጓድ እያለ እንዳይነሳ ተስማማን። ብልጭታ ስናይ እንቆጥራለን፤ ሠላሳ ሳንደርስ ድምፁ ከመጣ ሁሉን ትተን ወደ ግንቡ ነው፤ ድምፁ ከጠፋ በኋላም ግማሽ ሰዓት እንቆያለን። ሸራ ይቀደድ።

ፊዚዮቴራፒ የሚባለውን የእጅ ማንቀሳቀሻ ልምምድ ግማሹን በሆስፒታሉ፣ ግማሹን በቤቴ ሠራሁት። ወይንሸት ጎድጓዳ ሳህን ምስር ሞልታ፣ ውስጡ ብሎንና ሽምብራ ትደብቃለች። ዓይኔን ጨፍኜ በአውራ ጣቴ ፈልጌ ምን እንደሆነ መናገር አለብኝ። ጥቅምት አለፈ፣ ኅዳር አለፈ፤ ሽምብራውን ብሎን፣ ብሎኑን ምንም የለም እላለሁ። ወይንሸት «ተው አትሳሳት» አትለኝም፤ ሳህኑን ነቅነቅ አድርጋ መልሳ ታቀርብልኛለች። የፈራሁት ተስፋ እንዳትቆርጥ ነበር። ጥር ውስጥ አንድ ቀን ጣቴን መርፌ እንደሚወጋ ነገር ወጋኝ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ተመልሶ እንዳይሄድብኝ ሰግቼ። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ቀን ይመጣል፣ አንዳንድ ቀን ይጠፋል። ምስር ውስጥ ሽምብራን መለየት ጀመርኩ፤ የብየዳን መስመር ግን አይደለም። ያልያዘ ብየዳ ስፈልግ ነስሩን ጠርቼ በእሱ ዓይን ነበር የማየው፤ የእሱ ዓይን ደግሞ ከእኔም የባሰ ነው።

ሚያዝያ ላይ፣ የበልግ ደመና ሲያንዣብብ፣ እትዬ ጥሩነሽ መጡ።

ሳያቸው መዶሻዬን አስቀመጥኩ። ከሐምሌ ጀምሮ የእሳቸው ድስት ከዓይኔ አይጠፋም ነበር። ሄጄ እውነቱን ልንገራቸው እያልኩ ሰባተኛ ደርሼ የተመለስኩበት ቀን አለ። እሳቸው ግን ገና ሳይቀመጡ እጄን ያዙ።

«መብረቅ መታው ሲሉ የሰማሁት ሰሞኑን ነው፣ በፋሲካ ዋዜማ። ማልልኝ ያልኩህ እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ያመጣሁብህ። ከሰማሁ ወዲህ እህል አይወርድልኝም።»

«እትዬ፣ ይቀመጡ እስቲ።»

«እንዲያው ይቅር በለኝ።»

«ምድጃው የተጣፈ ነበር» አልኳቸው። «ወለሉ ላይ ቁራጭ ደርቤ በይጄበታለሁ። አውቄ ነው የማልኩት። ይቅር ማለት የእርስዎ ነው እንጂ የእኔ አይደለም።»

እጄን ለቀቁት። ነስሩ በርሜሎቹ መሀል ሆኖ አንገቱን ቀብሯል።

«ባለፈው ሳምንት ከሥሩ ከሰል ሲያፈስ አየሁና ድስቱን አወረድኩት» አሉ በመጨረሻ። «አርጅቶ ነው ብዬ ነበር።»

«ሌላ እሰጥዎታለሁ። በነፃ ነው።»

«በነፃ አልወስድም፣ እኔ ለማኝ አይደለሁም። ጤነኛ ስጠኝ እንጂ።» ዞር ዞር ብለው ሲያዩ ቆዩና አንዱን ጠቆሙ፤ ያን ሳምንት የጨረስኩት፣ ከደህና በርሜል የወጣ፣ እኔም ነስሩም አይተን ደህና ነው ያልነው ነበር። «ይሄኛውስ? አትማል። ማልልኝ አልልህም፤ ሁለተኛ።»

ምድጃውን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት። ነጎድጓድ የሚያሰማ ሰማይ ባይሆንም ዓይኔ ወደ ደመናው ሄደ፤ ልማድ ሆኖብኛል። መልሼ ዓይኔን ጨፈንኩ። አውራ ጣቴን ወለሉ ዙሪያ አዞርኩት። አንድ ዙር፣ ምንም። ሁለተኛው ዙር ላይ፣ እግሩ ከወለሉ የሚገናኝበት ጋ፣ አንድ ነገር ጣቴን ያዝ አደረገው። መልሼ ሄድኩበት። አሁንም ያዝ አደረገው። የስንዴ ቅንጣት የማታህል ስንጥቅ፣ ከቀለሙ ሥር።

«ይህን አይውሰዱ» አልኳቸው። «እዚህ ጋ ብየዳው አልያዘም።»

እትዬ ጥሩነሽ መነጽራቸውን አውጥተው ጎንበስ አሉ። ነስሩም መጣና አንገቱን አስገባ።

«የታለ? ለእኔ ምንም አይታየኝም» አሉ።

«ለእኔም አይታየኝም፣ እትዬ» አልኳቸው። «ጣቴ ነው ያገኘው።»